ስለ ደስታና ስለ ኑሮ እርካታ የተደረገ ምርምር ታሪክ፤ የጀብራን ስደተኞች በማሰብ

ሰው ሆኖ ደስታን የማይመኝ የለም። ገበሬው ዘር ሲዘራ፥ ነጋዴው ዕቃ ሲጭን፥ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ማልዶ ሲነሣ፥ ስደተኛውም አገሩን ትቶ ድንበር ሲሻገር፥ ሁሉም በልቡ የሚሻው ነገ ከዛሬ የተሻለ እንዲሆንለት ነው። ይሁን እንጂ «በምትኖረው ኑሮ ልብህ ረክቷልን?» ብሎ ሰውን በሥርዓት መጠየቅ፥ መልሱንም መዝግቦ መመርመር፥ ዘግይቶ የመጣ የትምህርት ሥራ ነው። የዘገየውም ጥያቄው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። የተማሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ድኻውን ሳይጠይቁ ስለ ድኻው ሆነው ይመልሱ ስለ ነበረ ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ምርምር ታሪክ ባጭሩ ተርኮ፥ ለእኛ ለመምህራን ምን እንደሚያስተምረን፥ በካርቱም ከተማ በጀብራ ሰፈር ለኖሩት ወገኖቻችንም ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጀብራ ጥቂት ልናገር። ጀብራ በካርቱም ከተማ በደቡብ በኩል የሚገኝ ሰፈር ነው። እንደ ዴምና እንደ ጀሪፍ ሁሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሲሰፍሩበት ኖረዋል። ወገኖቻችን ወደ ሱዳን የፈለሱት በአንድ ጊዜና በአንድ ምክንያት አይደለም። ከ1974 አብዮት በኋላ የፖለቲካው መከራ ያባረራቸው አሉ፤ በ1984 እና በ1985 በደረሰው ረሀብ ጊዜ በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ አሉ፤ ከዚያም ወዲህ ሥራ ፍለጋ በመተማ ወጥተው፥ በገላባትና በገዳሪፍ አልፈው ካርቱም የገቡ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ለአንዳንዶቹ ካርቱም መኖሪያ ሳትሆን፥ ወደ ሊቢያ፥ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ወደ አውሮፓ ለመሄድ ቀን የሚጠብቁባት የመንገድ ማረፊያ ነበረች። ሴቶቹ በሰው ቤት ተቀጥረው ወይም በመንገድ ዳር ሻይና ቡና አፍልተው፥ ወንዶቹም በቀን ሥራና በምግብ ቤት ተሰማርተው ይኖሩ ነበር። የሱዳን ሰው ቡናውን ራሱን «ጀበና» ብሎ ይጠራዋልና፥ ስደተኛው ቡና ሲያፈላ ለባለ አገሩ እንግዳ ነገር አላመጣበትም።

እንግዲህ በጀብራ የሚኖረውን ሰው «ኑሮህ ያረካሃልን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ፥ በምን ዘዴ ይጠይቀው? መልሱንስ እንዴት ይረዳው? ይህን ለማወቅ ምርምሩ ከምን ተነሥቶ እስከ ምን እንደ ደረሰ መመልከት ያስፈልጋል።

ስለ ደስታ መናገር የጥንት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አርስጣጣሊስ፥ እውነተኛ ደስታ የአንድ ቀን ፈንጠዝያ ሳይሆን በመልካም ምግባር የተመራ የሙሉ ዕድሜ ፍሬ ነው ብሎ አስተምሯል። በአገራችንም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው መጽሐፈ ፈላስፋ የጠቢባንን ምክር ለአባቶቻችን አድርሷል። ነገር ግን ጠቢባኑ ሰው እንዴት ሊኖር እንደሚገባው አስተማሩ እንጂ፥ ሰዎች ኑሯቸውን እንዴት እንደሚያዩት በየቤቱ ዞረው አልጠየቁም።

ይህን መጠየቅ የተጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሐድሊ ካንትሪል ነው። ካንትሪል በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ በልዩ ልዩ አገሮች፥ ከእነዚህም መካከል በግብጽ፥ በናይጄሪያ፥ በሕንድና በብራዚል የሚኖሩ ሰዎችን ተስፋና ሥጋት ሰብስቦ አቀረበ። ዘዴው ቀላል ነበር። ለተጠያቂው የመሰላል ሥዕል ይቀርብለታል። የመሰላሉ ጫፍ ተጠያቂው ራሱ ሊያስበው የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ነው፤ ግርጌው ደግሞ ራሱ ሊያስበው የሚችለው ከሁሉ የከፋ ኑሮ ነው። ከዚህ በኋላ ከ0 እስከ 10 ከተቈጠሩት እርከኖች ዛሬ በየትኛው ላይ እንደ ቆመ፥ ከአምስት ዓመት በፊት በየትኛው ላይ እንደ ነበረ፥ ከአምስት ዓመት በኋላስ በየትኛው ላይ እንደሚሆን ይጠየቃል። የዚህ ዘዴ ብልሃቱ የመሰላሉን ጫፍና ግርጌ የሚወስነው መርማሪው ሳይሆን ተጠያቂው መሆኑ ነው። ገበሬው በገበሬ ልክ፥ ምሁሩም በምሁር ልክ መሰላሉን ያቆማል።

በ1974 ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ የካንትሪልንና የሌሎችን መዛግብት መርምሮ አንድ አስገራሚ ነገር ገለጠ። በአንድ አገር ውስጥ ባለጸጋው ከድኻው ይልቅ ደስተኛ ነኝ ይላል፤ ነገር ግን አገሪቱ በሙሉ በሀብት ስታድግ የሕዝቡ ደስታ በዚያው ልክ ሲያድግ አልታየም። ምክንያቱም በኢስተርሊን አስተያየት፥ ሰው ኑሮውን የሚመዝነው ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ስለ ሆነ ነው። ይህ አሳብ እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ያከራክራል፤ ቢሆንም ከማን ጋር እንተያያለን የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከምርምሩ አልተለየም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለመምህራን የሚጠቅመው የኤድዋርድ ዲነር ታሪክ ይመስለኛል። ዲነር በ1946 በካሊፎርኒያ ተወለደ፤ ወላጆቹ ገበሬዎች ስለ ነበሩ ያደገው በእርሻ መካከል ነው። በፍሬዝኖ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ለምርምር የመረጠው ርእስ፥ መከር እየተከተሉ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩት የእርሻ ሠራተኞች ደስታ ነበረ። እነዚህን ሰዎች ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋልና፥ ስለ ኑሯቸው ራሳቸውን ሊጠይቃቸው ፈለገ። መምህሩ ግን አልፈቀደለትም። ዲነር በኋላ እንደ ተረከው፥ መምህሩ የሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንደኛ፥ የእርሻ ሠራተኞች ደስተኞች እንዳይደሉ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ፥ ደስታን ለመለካት አይቻልም።

እነዚህ ሁለት ምክንያቶች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ ልብ እንበል። ደስታ የማይለካ ከሆነ፥ ሠራተኞቹ ደስተኞች አለመሆናቸው በምን ታወቀ? ቢለካ ኖሮስ፥ ሳይጠይቁ ለመፍረድ ምን መብት አለ? መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ ምናልባትም ለሠራተኞቹ የሚያዝን ሰው ነበረ። ነገር ግን ማዘንና ማወቅ አንድ አይደሉም። ለድኻ እያዘኑ ድኻውን አለመጠየቅ በእኛም አገር የምናውቀው ጠባይ ነው።

ዲነር ርእሱን ለውጦ፥ ሰው የብዙኃኑን አሳብ ተከትሎ ስለ መሄዱ ጥናት አደረገ። ወደ ቀድሞው ጥያቄው የተመለሰው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ መምህርነቱ ከጸናለት በኋላ በ1981 ነው። አንድ የመምህር ቃል አንድን ጥያቄ ከዐሥር ዓመት በላይ ዘግቶት ኖረ ማለት ነው። ጥያቄው እንደ ገና ሲከፈት ግን ፍሬው ብዙ ሆነ። በ1984 እስከዚያ ጊዜ ስለ ደስታ የተደረገውን ምርምር ሁሉ መርምሮ አንድ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። በ1985 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የኑሮን እርካታ መለኪያ አሳተመ። መለኪያው አምስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉት ነው፤ ተጠያቂው በእያንዳንዱ መስማማቱን ወይም አለመስማማቱን ከ1 እስከ 7 በሆነ ቍጥር ይገልጣል፤ ድምሩም ከ5 እስከ 35 ይሆናል። ይህ አጭር መለኪያ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ በዓለም ሁሉ ተሠራበት። ዲነር በ2021 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለየም።

ዲነር ካስተማራቸው ነገሮች ዋናው፥ ደስታ ብለን ባንድ ቃል የምንጠራው ነገር ሦስት ክፍል እንዳለው ነው። አንደኛው፥ ደስ የሚያሰኝ ስሜት መብዛቱ ነው፤ ሁለተኛው፥ የሚያስጨንቅ ስሜት ማነሱ ነው፤ ሦስተኛው፥ ሰው መላ ኑሮውን አይቶ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ይኸውም የኑሮ እርካታ ይባላል። እነዚህ ሦስቱ ምን ጊዜም አብረው አይሄዱም። በጀብራ በአንድ ቤት የበዓል ቀን ነው እንበል። ዶሮው ተሠርቶ፥ እንጀራው ቀርቦ፥ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ይጫወታል። ማታ እንግዳው ሁሉ ሲበተን ባለቤቲቱ ብቻዋን ቁጭ ብላ በሰው አገር ያሳለፈችውን ዓመት ትቈጥራለች። የቀኑ ሳቅ ውሸት አልነበረም፤ የሌሊቱም ትካዜ ውሸት አይደለም። ሳቋን ብቻ ያየ ሰው «ደስተኛ ናት» ይላል፤ ትካዜዋን ብቻ ያየ ደግሞ «አዘነተኛ ናት» ይላል። ሁለቱም ግማሹን ብቻ አይተዋል።

በ2001 ዲነር ከልጁ ከሮበርት ጋር በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ እጅግ ድኾች የሆኑ 83 ሰዎችን ጠይቆ ያገኘውን አሳተመ። ከእነዚህም መካከል በጎስቋላ ሰፈር የሚኖሩ፥ በመንገድ ዳር የሚያድሩና ገላቸውን ሸጠው የሚተዳደሩ ነበሩ። በመላው ኑሯቸው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ከመካከለኛው ጥቂት ዝቅ ያለ ነበር፤ ስለ ቤተ ሰባቸውና ስለ ምግባራቸው ሲጠየቁ ግን እርካታ እንዳላቸው ተናገሩ። በ2006 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በካልካታ በመንገድ ላይ የሚያድሩት ሰዎች፥ በካሊፎርኒያና በኦሬጎን ቤት ከሌላቸው አሜሪካውያን ይልቅ በኑሯቸው የረኩ ሆነው ተገኙ። አሜሪካውያኑ በምግብም በመጠለያም በኩል የተሻለ እርዳታ ማግኘት ይችሉ ነበር፤ የካልካታዎቹ ግን ብዙዎቹ ከዘመድና ከወገን ጋር ነበሩ። መርማሪዎቹ እንደ ተገነዘቡት የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብቻውን የሚኖር ስደተኛ የሚያጣውና በጀብራ ማኅበርና ዕቁብ ገብቶ ሊተካው የሚሞክረውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል። «ድኻው ደስተኛ አይደለም» ብሎ ሳይጠይቁ መፍረድ ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ጠይቆ «ረክቻለሁ» ሲል ሰምቶ «እንግዲያውስ ምንም አይጐድለውም» ብሎ መተውም ሌላ ስሕተት ነው። ይህን አጥብቆ ያስተማረው የሕንድ ተወላጅ የሆነው፥ በ1998 በኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው አማርትያ ሴን ነው። ሴን እንደሚለው፥ ለረጅም ጊዜ የተጨቈነ ሰው ምኞቱን ከችግሩ ጋር ያስማማል፤ ብዙ መመኘት ልብን ስለሚያቈስል ትንሽ መመኘትን ይለምዳል። ስለዚህ በትንሽ መርካቱ ትንሽ ይገባዋል ለማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እኛ ይህን ነገር ከሴን በፊት በቋንቋችን እናውቀዋለን። ኑሮ እንዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ካሉት በታች፥ ከሞቱት በላይ» ብሎ ይመልሳል። ይህ አነጋገር ራሱን የቻለ መሰላል ነው። ጫፉ ላይ «ያሉት» ማለት በሰው ወግ የሚኖሩት አሉ፤ ግርጌው ላይ የሞቱት አሉ፤ ተናጋሪው በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሏል። ቍጥር መዝጋቢው ይህን ሰምቶ ከመካከለኛው እርከን ላይ ቢጽፈው አልዋሸም፤ ነገር ግን የተናጋሪው ግርጌ ሞት መሆኑን ካልጻፈ ዋናውን ነገር ትቶታል።

የቃላቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ ደስታ፥ ተድላ፥ ሐሴት፥ እርካታ የሚሉ ቃላት አሉን፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እርካታ ጥም ከመቍረጥ ጋር የተያያዘ ቃል ስለ ሆነ፥ የጐደለ ነገር መሙላቱን ያስታውሳል። ከዚህም ሌላ የአገራችን ሰው ስለ ኑሮው ሲጠየቅ አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ የሱዳኑም ሰው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ የእምነትና የጨዋነት መልስ ነው እንጂ የኑሮ ሚዛን አይደለም። ቸኵሎ የመጣ መርማሪ ምስጋናውን እንደ እርካታ ቈጥሮ ይሄዳል። ታግሦ የተቀመጠው ግን፥ በአቦሉ «ተመስገን» ያለው ሰው በበረካው ሌላ ነገር ሲያወራ ይሰማል።

በአገራችን ይህን ዓይነት ምርምር ከደከሙበት መካከል ሁለት ሥራዎች መጠቀስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው በእንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እስከ 2007 በባንግላዴሽ፥ በፔሩ፥ በታይላንድና በኢትዮጵያ ያካሄደው ጥናት ነው። በኢትዮጵያ ከተመረጡት ቦታዎች መካከል በጎጃም የትመን፥ በሰሜን ሸዋ ዲንኪ፥ በአዲስ አበባም ኮልፌ ይገኙ ነበር። ይህ ጥናት የሰውን ደኅና መኖር በሦስት ነገር መረመረ፤ ሰው ምን አለው? ባለው ነገር ምን ሊያደርግ ይችላል? ስላለውና ሊያደርግ ስለሚችለው ነገርስ ራሱ ምን ያስባል? ዲነር የሰውን ፍርድ አስቀደመ፤ ሴን የሰውን አቅም አስቀደመ፤ ይህ ጥናት ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ሞከረ። ሁለተኛው ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፥ በሕንድ፥ በፔሩና በቬየትናም ልጆችን ከዓመት ወደ ዓመት የተከታተለው ጥናት ነው። በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች ወደ 3000 የሚሆኑ ልጆች ገብተውበታል። ልጆቹ ዘጠኝ እርከን ባለው መሰላል ላይ ራሳቸውን እንዲያስቀምጡ ይጠየቁ ነበር። ስለ ልጅ ኑሮ አባትና መምህር ብቻ ሳይሆኑ ልጁ ራሱ መጠየቁ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ስደተኞችስ ምን ታወቀ? በ2011 የቡታን መንግሥት ባቀረበው አሳብ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደስታን ለመንግሥታት ሥራ አንድ መመዘኛ እንዲያደርጉት ጋበዘ፤ ከ2012 ጀምሮም የዓለም የደስታ ሪፖርት የሚባል መጽሐፍ መውጣት ጀመረ። መሠረቱ ያው የካንትሪል መሰላል ነው። በ2018 የወጣው ሪፖርት በተለይ ስለ ስደተኞች የተጻፈ ሲሆን በ117 አገሮች የሚኖሩ ስደተኞችን ኑሮ መርምሯል። የተገኘው ውጤት፥ ስደተኞች በሚኖሩበት አገር ለራሳቸው የሚሰጡት ደረጃ ባለ አገሮቹ ለራሳቸው ከሚሰጡት ደረጃ ጋር በጣም የተቀራረበ መሆኑ ነው። ያደጉበት አገር አሻራ ጨርሶ ባይጠፋም፥ የሚያመዝነው የሚኖሩበት አገር ሰላም፥ ሕግና የሰው አቀባበል ነው። እንግዲህ በጀብራ የኖረው ኢትዮጵያዊ ዕድል ከካርቱም ሰው ዕድል ጋር የታሰረ ነበረ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የስደተኛው መሰላል አንድ ብቻ አይደለም። በጀብራ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ አንዲት የጎንደር ሴት እናስብ። በስልክ ከእናቷ ጋር ስትነጋገር፥ ገንዘብ የምትልክና ታናናሾቿን የምታስተምር ናትና ከፍ ባለው እርከን ላይ ትቆማለች። ከመንገዱ ማዶ ካለው ባለ ቤት ጋር ስትተያይ፥ ቤት የሌላትና የመኖሪያ ወረቀት የምትጠየቅ ናትና ዝቅ ትላለች። ወደ አውሮፓ ከተሻገረች ጓደኛዋ ጋር ስትተያይ ደግሞ ገና ከመንገድ የቀረች ናት። ሴትዮዋ አንዲት ናት፤ እርከኗ ግን ሦስት ነው። ከማን ጋር እንደምትተያይ ሳይጠይቅ ቍጥሯን ብቻ የሚመዘግብ ሰው የትኛውን እንደ ሰማ አያውቅም።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ጀብራም ከመድፉና ከጥይቱ አላመለጠችም። ባለ አገሩም ስደተኛውም አንድ ላይ ተበተነ፤ ለሪፖርቱ ውጤት ከዚህ የከፋ ምስክር አይገኝም። ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በመጡበት በገዳሪፍና በገላባት አድርገው ወደ መተማ ተመለሱ። ከእነርሱም ጋር የሱዳን ሰዎች ስደተኞች ሆነው ገቡ፤ በ2023 በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራላቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት የእኛን ረሀብተኞች፥ በ2020 ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን በኡም ራኩባ ያስጠጋ ሕዝብ፥ በተራው የእኛን ደጅ መታ። ኦገስት 2023 ግን በዐማራ ክልል ራሱ ጦርነት ተነሥቶ ነበርና፥ እንግዳውም ተመላሹም ሙሉ ዕረፍት አላገኙም።

ካንትሪል ሦስት ጥያቄ ነበረው፤ ስለ ትናንት፥ ስለ ዛሬና ስለ ነገ። ከጀብራ የተመለሰ ሰው ስለ ትናንት ሲጠየቅ በሰው አገር የነበረውን ትንሽ ቤት ከፍ ባለ እርከን ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቢጠየቅ ኖሮ ግን ዝቅ ያደርገው ነበር። ስለዚህ የስደተኛው ኑሮ መጠየቅ የሚገባው ከመከራ በኋላ ብቻ ሳይሆን በኖረበት ጊዜም ነው። ለብዙዎቹ የጀብራ ሰዎች ያ ጊዜ ጠያቂ ሳይመጣ አልፏል። ተመላሾቹ ግን ዛሬ በመካከላችን ናቸው፤ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤቶቻችን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዐረብኛ ቀላቅሎ የሚናገረውን፥ ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የመጣውን ልጅ ስናይ፥ «ይህ የተጐዳ ልጅ ነው» ወይም «ይህ አገሩ ገብቶ ዐረፈ» ብለን እኛው ለመመለስ እንቸኵላለን።

መምህር ሁሉ የፍሬዝኖውን መምህር ስሕተት እንዳይደግም ያስፈልገዋል። ተማሪ ያልተለመደ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፥ «ይህ የታወቀ ነው፤ ደግሞም አይቻልም» ብለን በሁለት ቃል እንዳንመልሰው። ራሱ ተማሪውም ለእኛ ያልተጠየቀ ጥያቄ መሆኑን እንዳንረሳ። ዝምተኛውን ልጅ ብቻውን አስጠግተን፥ ከየት እንደ መጣ፥ ምን እንደሚጐድለው፥ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ሆኖ ራሱን እንደሚያይ ብንጠይቀው፥ የመጀመሪያው መልሱ ምናልባት «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ይሆናል። በዚያ ሳንረካ ሁለተኛውን መልስ እስኪነግረን ድረስ ብንታገሠው፥ ሊቃውንቱ በብዙ ድካም የደረሱበትን ነገር በየክፍላችን ልንሠራበት እንችላለን።